እናቴን የኦት ኩቱር ኤግዚቢሽን ላሳያት ነው፤ የትኛው ሙዚየም ይሻላል?

ጥያቄ፣ ከየጠላፊ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ብራስልስ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታለች። ዕድሜዋን ሙሉ የሀበሻ ቀሚስ ስትጠልፍ የኖረች ሴት ናት፤ አሁንም መርፌ ካልያዘች ቀኑ አይመሽላትም። የፊታችን ማክሰኞ ፓሪስ ወስጄ፣ ኦት ኩቱር የሚባሉትን፣ በልክ ተቆርጠው በእጅ የተሰፉትን ታላላቅ ልብሶች ላሳያት አስቤ የባቡር ትኬት ቆርጫለሁ። ጠዋት ሄደን ማታ እንመለሳለን። በልቤ የያዝኩት የዲዮር ፋሽን ቤትን ጋለሪ ነበር። ጉልበቷን ያማታል፤ ሁለታችንም ፈረንሳይኛ አናውቅም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥሩ ጨርቅ ካየች ሳትዳስስ አታልፍም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፣ ከሴን ማዶ

እህቴ፣ የዲዮር ጋለሪ ማክሰኞ ዝግ ነው! የልብስ ንድፍ አውጪው የኢቭ ሳን ሎራን ሙዚየምና የከተማው የፋሽን ሙዚየም ፓሌ ጋሊዬራ ግን የሚዘጉት ሰኞ ስለሆነ ቀኑን ሳይሆን ቦታውን ቀይሪ። ሦስቱም አልማ ማርሶ ከሚባለው የሜትሮ ጣቢያ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። ሆኖም ለእናትሽ ጉልበት ሜትሮውን አልመክርም፤ ደረጃው ብዙ ነው። አውቶቡስ ወይም ታክሲ ያዙ። ወደ ጋሊዬራ ከሄዳችሁ በዚያን ቀን ኤግዚቢሽን መኖሩን አስቀድመሽ ከድረ ገጹ አረጋግጪ። አሮጌ ልብስ ብርሃን ስለሚጎዳው በየተራ ይወጣና ተመልሶ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል።

መልስ፣ ከአቡጀዲ

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ምክሬም የሰፊ ምክር ነው። ወደ ኢቭ ሳን ሎራን ሂዱ። ቁጥር 5፣ አቬኑ ማርሶ። ከ1974 እስከ 2002 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ልብሱ የተሠራው እዚያው ቤት ውስጥ ነበር፤ ሙዚየም የሆነው በ2017 ነው። ቤቱ ትንሽ ስለሆነ እናትሽን አያደክማቸውም። ሳን ሎራን የሠራበት ክፍል ከነጠረጴዛው፣ ከነመጻሕፍቱና ከነትልቁ መስታወቱ ተጠብቆ ይታያል። ፈረንሳይኛ አያስፈልጋችሁም፤ ስፌት ራሱ ይናገራል።

ከሠዓሊው ሞንድሪያን ሥዕሎች የተነሳው የ1965ቱ የ«ሞንድሪያን» ቀሚስ ወጥቶ ካገኛችሁት ጥቁሮቹን መስመሮች ቀረብ ብላችሁ እዩ። ከሩቅ ጨርቅ ላይ የተቀባ ይመስላል። ግን እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ተቆርጦ የተጋጠመ የሱፍ ጀርሲ ነው። ቀሚሱን ገላ ላይ የሚያስተካክለው ስፌት መስመሮቹ ውስጥ ተደብቋል። እኔ ያንን ለመምሰል ስሞክር ሁለት ጨርቅ አበላሽቻለሁ።

ለጠላፊ ግን ዋናው የ1988ቱ ጃኬት ነው፤ የሠዓሊው ቫን ጎግን የአይሪስ አበቦች መነሻ ያደረገው። የጥልፉን ሥራ የሠራው የለሳዥ ቤት ሲሆን 600 ሰዓት ፈጅቶበታል፤ 22 ዓይነት ቀለም ያላቸው 250,000 አብረቅራቂ ቅንጣቶች፣ 200,000 ዶቃና 250 ሜትር ሪባን ገብቶበታል። ለእናትሽ አስቀድመሽ ልትነግሪያቸው የሚገባ አንድ ነገር አለ፦ በእነዚህ ቤቶች ዶቃ ብዙ ጊዜ የሚጠለፈው በጀርባው በኩል ነው። ጨርቁ ይወጠርና ጫፉ እንደ ኪሮሽ በተቆለመመ ቀጭን መርፌ ከላይ ይወጋል፤ ዶቃው ከሥር ይያዛል። ጠላፊዋ ስትሠራ ፊቱን አታየውም።

መልስ፣ ከየሙሽራ ልብስ

ቀኑን መቀየር ከቻልሽ እኔ ዲዮርን አልተውም። ክርስቲያን ዲዮር የመጀመሪያ ሥራውን የካቲት 1947 ያሳየው እዚያው አቬኑ ሞንቴይን ቁጥር 30 ነው፤ ወገቡ ጠብቦ ዳሌው የተሞላው ያ የታወቀው «ባር» ጃኬት የወጣው በዚያን ጊዜ ነበር። ከነጭ አቡጀዲ የተሰፉ ሞዴሎች የሞሉበት ክፍልም አለ። ውድ ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ልኩ የሚሞከረው በእነሱ ላይ ነው። ትኬት ቀድመሽ በኢንተርኔት ግዢ፤ ሰልፉ ለታመመ ጉልበት አይሆንም።

መልስ፣ ከአቡጀዲ

ስለ ነጩ ክፍል እስማማለሁ። ስለ ሌላው ግን ኩባንያው ራሱን የሚያሞግስበት ቤት ነው፤ እናትሽ የሚፈልጉት ስፌቱን እንጂ ጭብጨባውን አይመስለኝም።

መልስ፣ ከመብራት አጥፊ

ሙዚየም ውስጥ እሠራ ነበር። ለጨርቅ የሚፈቀደው ብርሃን ብዙውን ጊዜ 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ያህል ነው፤ ደብዛዛ ነው። እናትሽ በር ላይ ጥቂት ደቂቃ ቆመው ዓይናቸው ይልመድ። ፎቶ በተፈቀደበት ክፍል በስልክሽ ያለ ፍላሽ አቅርበሽ አንሺና ስክሪኑ ላይ አሳያቸው፤ ክሩ አንድ በአንድ ይታያል። መንካት ግን በፍጹም! እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምሩ፤ ካልሆነላቸው የነጠላቸውን ጫፍ ይያዙ።

ከጠያቂዋ

ደርሰን ተመለስን፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማክሰኞ ሳን ሎራን ሄድን። እናቴ ነጠላዋን እንደጨበጠች አንድ ጃኬት ፊት ግማሽ ሰዓት ቆመች፤ ጠባቂው ሁለት ጊዜ መጥቶ አያት። ስንወጣ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ገበሩን ማን ያሳየኛል?» ልብስን ገልብጦ የሚያሳይ ቦታ አለ?

መልስ፣ ከለንደን

አለ። የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ2025 በምሥራቅ ለንደን የከፈተው መጋዘን አለ፤ መግቢያው ነጻ ነው። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ እስከ አምስት ዕቃ ብታዝዢ በቀጠሮሽ አውጥተው ቅርብ ያሳዩሻል። ብዙ ሰው ካዘዛቸው አንዱ የልብስ ንድፍ አውጪው ባሌንሲያጋ በ1954 የሠራው፣ ታፍታ ከሚባል የሐር ጨርቅ የተሰፋ ሮዝ ቀሚስ ነው። የሼንገን ቪዛ ግን እንግሊዝ አያስገባም፤ ለእናትሽ ሌላ ቪዛ ያስፈልጋል። ደግሞ በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት ቀሚስም የዚሁ ሙዚየም ንብረት ሆኖ ተመዝግቧል። የት እንደተቀመጠ አስቀድመሽ ጠይቂያቸው።

ከጠያቂዋ

አነበብኩላት። ጥልፉ በምን ክር ነው ትላለች።

መልስ፣ ከለንደን

ጨርቁ ጥጥ፣ ጥልፉ ሐር ነው በያቸው።