ባንኩ የእናቴን ቤት በሐራጅ ሊሸጥ ነው፤ እግድ ማውጣት ይቻላል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኮተቤ ያለው የእናቴ ቤት ለወንድሜ ብድር መያዣ ነው። የብሎኬት ሥራው ከሰረና 7 ወር ሳይከፍል ቀረ። ማክሰኞ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ደረሰን። እማዬ ወረቀቱን ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምታድረው። ፍርድ ቤት ያስቆምልናል?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። እውነቱን ግን ልንገርሽ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት፣ ውሉ ላይ ከተስማማችሁ፣ ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ቀድሞ ቢያንስ 30 ቀን ማስጠንቀቅ አለበት። የሐራጁን ሥርዓት ጥሶ ከጎዳችሁ ካሳ ትጠይቃላችሁ። እኔ እግድ ለማውጣት ስሯሯጥ 20 ቀን አቃጠልኩ። ያኔውኑ ባንኩ ጋ ሄጄ መክፈያው እንዲራዘም ብጠይቅ ኖሮ! እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ነገ ሳይሆን ዛሬ ሂጂ።

ሌላ መልስ፦ አባትሽስ ፈርመዋል? ቤቱ የጋራ ሆኖ ካልፈረሙ፣ በቤተሰብ ሕጉ ውሉን ማስፈረስ ይችላሉ። ጊዜው ግን ካወቁ 6 ወር፣ ቢበዛ 2 ዓመት ነው።

ጠያቂ፦ አባዬም ፈርሟል። ወንድሜን ይዤ ከሰዓት ባንክ እሄዳለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።