የዕቅድ ውይይት፦ ለአባላት የሚሆን የጋራ የጂዲቢ ስክሪፕት

አስተባባሪ፦
ጤና ይስጥልን። በስብሰባው በእንጥልጥል የቀረውን የስክሪፕት ጉዳይ እዚህ እንቋጨው። ብዙዎቻችን በሲ እና በሲ ፕላስ ፕላስ እንሠራለን። ፕሮግራም ሲወድቅ ሁላችንም በየፊናችን ጂዲቢን (የፕሮግራም ስህተት መፈለጊያውን ዲበገር) ከፍተን ያንኑ ትእዛዝ እንደጋግማለን። ጂዲቢ ግን ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በውስጡ ይዟል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ከወጣው 7.0 ጀምሮ። ፕሮግራሙ ሲቆም፣ ሲቀጥል፣ ሲያበቃ ወይም አዲስ ላይብረሪ ሲጭን የእኛን ፈንክሽን ሊጠራልን ይችላል።

የመጀመሪያው ረቂቅ ይኸውላችሁ፦ «ማኅበሩ አንድ የጋራ ስክሪፕት ያዘጋጅ። ስክሪፕቱ ፕሮግራም ሲቆም መረጃ ይሰብስብ፣ ፕሮግራሙን ራሱ ያስቀጥል፣ ሪፖርት ይጻፍ።» ቁረጡት፣ ቀጥሉት።

የሥልጠና ክፍል፦
ሐሳቡን እደግፋለሁ። «ራሱ ያስቀጥል» የምትለዋ ግን ትውጣልኝ።

ፈንክሽናችንን የምናስመዘግበው «ጂዲቢ.ኢቨንትስ.ስቶፕ.ኮኔክት» ብለን ነው። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ በቆመ ቁጥር ይጠራል። እዚያው ፈንክሽን ውስጥ «ኮንቲኒዩ» ብላችሁ ካዘዛችሁ ጣጣ ነው። ፕሮግራሙ ይሮጣል፣ እንደገና ይቆማል፣ የመጀመሪያው ጥሪ ሳያልቅ ሁለተኛው ይገባበታል። ሠልጣኞቻችን ሁሌም የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። በሴግፎልት (ያልተፈቀደለትን ሜሞሪ ነክቶ) የቆመውን ብታስቀጥሉት ደግሞ ሲግናሉ፣ ማለትም ከሲስተሙ የሚላክለት የስህተት ምልክት፣ ይደርሰውና ይሞታል። ማስቀጠሉ ምን ረባን?

ሌላ ነገር። ፕሮግራም የሚቆመው ሲወድቅ ብቻ አይደለም። «ኔክስት» ባልን ቁጥርም ይቆማል። ስለዚህ ሳይለይ የሚጽፍ ስክሪፕት ፋይል ከምሮ ያሳብደናል። ደግነቱ ለፈንክሽናችን የሚደርሰው ኦብጀክት ዓይነቱ ይለያያል። በብሬክፖይንት (እኛ «እዚህ ቁም» ባልንበት የኮድ ቦታ) ከሆነ የተነኩትን ብሬክፖይንቶች ዝርዝር ይዞ ይመጣል። በሲግናል ከሆነ የሲግናሉን ስም። ሪፖርት ለሲግናሉ ብቻ ይጻፍ።

አዲስ አባል፦
ትንሽ ልጨምር? ኮንትሮልና ሲ ተጭኜ ሳቆመውም እኮ በሲግናል ነው የሚመጣው፤ «ሲግኢንት» ብሎ። እሱም ክራሽ ተብሎ ሊመዘገብ ነው።

የሥልጠና ክፍል፦
ጎበዝ! እንግዲያው የምንቀበላቸውን ሲግናሎች በስም እንዘርዝር፦ ሲግሴግቪ (ሴግፎልት)፣ ሲግአቦርት (በ«አቦርት» ራሱን ያቆመ)፣ ሲግባስ (የሜሞሪ አድራሻ ስህተት)፣ ሲግኤፍፒኢ (የሒሳብ ስህተት)። ሌላው ይለፍ።

የሰርቨር ሰው፦
ይቅርታ፣ እኔ አልተስማማሁም። የእኛ ሰርቪስ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚሠራው። ቆሞ «ምን ላድርግ?» የሚለኝ ዲበገር አልፈልግም። አንድ ፈንክሽን ስንት ጊዜ፣ በምን ዋጋ (ማለትም በምን ግብዓት) እንደተጠራ መዝግቦ ዝም ብሎ የሚያልፍ ነው የምፈልገው። ማስቀጠሉን ካወጣችሁት ለእኔ ምን ቀረልኝ?

የሥልጠና ክፍል፦
ለእሱ ሌላ መንገድ አለ ወንድሜ። «ጂዲቢ.ብሬክፖይንት» የሚለውን ክላስ ወርሰህ «ስቶፕ» የሚል ሜተድ ትጽፍለታለህ። ብሬክፖይንቱ ሲነካ ጂዲቢ ያንን ሜተድ ይጠራል። የምትፈልገውን ቫሪያብል አንብበህ ትመዘግብና «ፎልስ» ትመልሳለህ። ፕሮግራሙ ሳይቆም ያልፋል፤ «ኮንቲኒዩ» የሚባል ትእዛዝ አያስፈልግም። ማስጠንቀቂያው፦ እዚያ ሜተድ ውስጥ «ስቴፕ» ማለት፣ ፍሬም መቀየር፣ ብሬክፖይንት መጨመር ወይም መሰረዝ ክልክል ነው። የጂዲቢ መመሪያም ይህንኑ ይላል። የግድ እንዲህ ያለ ሥራ ካለህ በ«ጂዲቢ.ፖስት ኢቨንት» ለኋላ ታስተላልፈዋለህ።

አማርኛ ጽሑፍ የምታነብ ከሆነ «ስትሪንግ» በሚለው ሜተድ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን ንገረው። በትእዛዝ የምታትም ከሆነ ደግሞ የማሽኑ ሎኬል (የቋንቋ ቅንብሩ) «ሲ» የሚባለው ብቻ እንዳይሆን ተጠንቀቅ። አለዚያ «ሰ» የምትለዋ ፊደል 341፣ 210፣ 260 የሚሉ የኦክታል (በስምንት ቤት የሚጻፉ) ቁጥሮች ሆና ትወጣለች። አንዷ ፊደል ሦስት ባይት ስለሆነች ሦስት ቁጥር።

የሰርቨር ሰው፦
እሺ፣ ገባኝ። ግን ብሬክፖይንት በተነካ ቁጥር ፕሮግራሙ በእርግጥ ቆሞ ነው ጂዲቢ የሚያየው። ብዙ ጊዜ በሚጠራ ፈንክሽን ላይ ከተደረገ ሰርቪሱ ያዘግማል። ዋናው ሰርቨር ላይ እንዳይደረግ ይጻፍልኝ። እዚያ ኮር ደምፕ (ፕሮግራሙ ሲወድቅ የነበረውን ሜሞሪ የያዘ ፋይል) ይበቃል። ኮር ደምፕ ላይ ደግሞ ክስተት መጠበቅ ከንቱ ነው፤ ሬሳ አይንቀሳቀስም። ባክትሬስ (እስከቆመበት ድረስ የተጠሩትን ፈንክሽኖች ዝርዝር) የሚያወጣው ፈንክሽን ብቻውን ተለይቶ እንዲጠራ ሆኖ ይጻፍ፤ ለኮር ደምፑም ያገለግላል።

ገንዘብ ያዥ፦
ልጆች፣ ኮድ ከጻፍኩ ዘመን የለውም። ሁለት ጥያቄ ብቻ። ለዚህ የምንከፍለው ፈቃድ አለ ወይ? ሪፖርቱን ደግሞ ለማን ነው የምትልኩት? በባንክ የምትሠሩ አላችሁ። ፕሮግራሙ ሲወድቅ የደንበኛ ስም በእጁ ይዞ ቢሆንስ?

አስተባባሪ፦
ጋሼ፣ የመጀመሪያው ቀላል ነው። ጂዲቢ የግኑ ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ክፍያ የለውም። ሁለተኛው ግን ማናችንም ያላሰብነው ነው።

የሰርቨር ሰው፦
እውነትዎን ነው ጋሼ። ተራው ባክትሬስ እንኳ ለፈንክሽኖቹ የተሰጡትን ዋጋዎች ያትማል። «ፉል» ከተባለማ በየፈንክሽኑ ውስጥ ያሉትን ቫሪያብሎች በሙሉ ይዘረግፋል። መፍትሔ አለው፦ «ሴት ፕሪንት ፍሬም አርጊውመንትስ ነን»። ያኔ ዋጋዎቹ በነጥብ ይተካሉ፤ የፈንክሽን ስም፣ የአርጊውመንቶቹ ስም፣ የፋይል ስምና የመስመር ቁጥር ይቀራሉ። ይህ መነሻው ይሁን። ከዚህ በላይ የፈለገ በራሱ ማሽን ላይ ይክፈተው፣ ለሌላ አይላክ።

ከዋሽንግተን ያለ አባል፦
እኔ ማክ ላይ ነኝ፤ የምጠቀመው ኤልኤልዲቢ የሚባለውን ሌላ ዲበገር ነው። እሱም ፓይተን አለው፣ አሠራሩ ግን ለየት ይላል። «ሊስነር» ትፈጥርና ክስተት እስኪመጣ ትጠብቃለህ፣ ወይም ስቶፕ ሁክ ታስቀምጣለህ። ስክሪፕቱን እንዳለ መውሰድ አይቻልም። አንድ ላይ ይሁን ካላችሁ ሁለቱም አይደርሱም። የሪፖርቱ ቅርጽ ብቻ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ኤልኤልዲቢው ለሁለተኛው ዙር ይቆይ።

አዲስ አባል፦
የመጀመሪያውን ሙከራ ላፕቶፔ ላይ አየሁት። «ኤግዚትድ» የሚለው ክስተት ላይ «ኤግዚት ኮድ» (ፕሮግራሙ ሲያበቃ የሚመልሰውን ቁጥር) አነበብኩ። በደህና ላለቀ ፕሮግራም ይሠራል። በሴግፎልት ለሞተው ግን ስክሪፕቱ ራሱ በስህተት ወደቀ።

የሥልጠና ክፍል፦
በሲግናል የሞተ ፕሮግራም ኤግዚት ኮድ የለውም። ባዶ ሆኖ ሳይሆን አትሪቢዩቱ ራሱ አይኖርም። በ«ሃዝ አትሪቢዩት» አስቀድመህ ጠይቅ። ሳንጠይቅ ብንተወው ስክሪፕቱ የሚበላሸው በምንፈልገው ሰዓት ብቻ ነበር።

አስተባባሪ፦
እንግዲህ የተስተካከለው ረቂቅ፦

«ማኅበሩ በሊኑክስ ላይ በጂዲቢ የሚሠራ አንድ ስክሪፕት ያዘጋጃል። ስክሪፕቱ ያዳምጣል፣ ይመዘግባል፤ ፕሮግራሙን አይነዳም። ሪፖርት የሚጽፈው በአራቱ ሲግናሎች ብቻ ነው፤ የፈንክሽን ዋጋዎችን አያትምም። ሳያቆሙ መመዝገብ ለሚፈልጉ የብሬክፖይንት ክላስ ምሳሌ ይጨመራል፤ አገልግሎት በሚሰጥ ሰርቨር ላይ አይጫንም። የአማርኛ መመሪያው ያለ ኢንተርኔት እንዲነበብ አብሮ ይታሸጋል።»

የሰርቨር ሰው፦
አንድ ዐረፍተ ነገር ይቀረዋል። ስክሪፕቱን በትእዛዝ እንጫን፤ ከፕሮጀክቱ ጋር ራሱ እንዲነሳ አናድርገው። ጂዲቢ ካልታመነ ፎልደር ስክሪፕት አይጭንም። ሰዎች ሲሰለቻቸው የሚያደርጉት ሙሉውን ዲስክ «የታመነ» ማለት ነው። ያኔ የማንም ፕሮጀክት የፈለገውን ኮድ ማሽናችሁ ላይ ያስነሳል።

አስተባባሪ፦
ገብቷል። የሚቀረው መሞከሪያ ፕሮግራሞቹ ናቸው፦ አንዱ በባዶ ፖይንተር የሚወድቅ፣ አንዱ «አቦርት» የሚል፣ አንዱ በ3 ኮድ የሚወጣ። ማን ይይዛቸዋል?

አዲስ አባል፦
እኔ። ኮንትሮል ሲን የሚጠብቅ አራተኛም እጨምራለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ወጪ ከሌለው እኔ ደግፌያለሁ። በደንበኛ ስም ጉዳይ ላይ ግን መመሪያው ሲያልቅ መጀመሪያ ለእኔ ይምጣ።