አዲሱ ሶኒ ደብልዩ830 ይሻለኛል ወይስ ያገለገለው አርኤክስ100?

መምህሩ
ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ከዱባይ የሚመጣው ወንድሜ ትንሽ ካሜራ ሊያመጣልኝ ቃል ገብቶልኛል፤ ያለኝ ገንዘብ ግን ከሁለት ካሜራዎች አንዱን ብቻ ነው የሚገዛው። አንደኛው ከካርቶኑ ያልወጣ ሶኒ ሳይበርሾት ደብልዩ830 ሲሆን፣ ሌላኛው ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው የመጀመሪያው አርኤክስ100 ነው። የኋለኛው ያገለገለ ቢሆንም ሻጩ የጠየቀበት ዋጋ ከአዲሱ ብዙም አይርቅም። ካሜራውን የምፈልገው በትምህርት ቤታችን አዳራሽ የሚደረገውን የተማሪዎች ምርቃትና በጥምቀት ዋዜማ ሌሊት ያለውን ሥነ ሥርዓት ለማንሳት ነው። በሁለቱም ላይ 20 ሜጋፒክስል (20 ሚሊዮን ያህል የምስል ነጥብ) የሚል ተጽፏል፤ ዙሙ ግን የአዲሱ 8 እጥፍ፣ የአሮጌው 3.6 እጥፍ ነው። እንዲህ ሲታይ አዲሱ የሚበልጥ ይመስላል። የምታውቁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

አሮጌ ሌንስ
መምህር፣ የሜጋፒክስሉ ቁጥር እኩል ስለሆነ ምንም አይነግርዎትም። መጠየቅ ያለበት ያ ሁሉ ነጥብ በምን ያህል ስፋት ላይ እንደታጨቀ ነው። የደብልዩ830 ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስሉን የሚሠራው ክፍል) ወደ 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ሲሆን የአርኤክስ100 ደግሞ 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ነው፤ በስፋት አራት እጥፍ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። በዚህ ላይ የሌንሱን ልዩነት ይጨምሩበት። ዙም ሳይደረግ የደብልዩ830 ሌንስ ቢበዛ እስከ ኤፍ 3.3 (ቁጥሩ ሲያንስ ክፍተቱ ይሰፋል) ሲከፈት የሌላኛው እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል፤ ይህም ከሦስት እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። አዳራሹ ውስጥ አንዱ በሰከንድ 1/30 ፍጥነት አንስቶ ዲፕሎማ የሚቀበለውን ልጅ እጅ ብዥ ሲያደርገው፣ ሌላው በዚያው የአይኤስኦ (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበት) መጠን በ1/100 ያነሳዋል። በጥምቀት ዋዜማ የሻማ ብርሃን ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ደብልዩ830 የሌንሱን ክፍተትም ሆነ የሻተሩን (ብርሃኑን ከፍቶ የሚዘጋውን ክፍል) ፍጥነት በራስዎ እንዲወስኑ አይፈቅድልዎትም፤ የቪዲዮው ጥራትም 720ፒ ብቻ፣ ማለትም ከሙሉ ኤችዲ ያነሰ ነው። እኔ ብሆን ያገለገለውን እወስድ ነበር።

የፎቶ ቤት ልጅ
በአሮጌ ሌንስ ሐሳብ በአብዛኛው ብስማማም አንድ ነገር ሳይነገር ታልፏል። ኤፍ 1.8 የሚገኘው ዙም ሳይደረግ ብቻ ነው፤ ዙሙ ጫፍ ሲደርስ ሌንሱ ወደ ኤፍ 4.9 ይጠባል፣ የደብልዩ830 ደግሞ ወደ ኤፍ 6.3። ስለዚህ መምህሩ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው መድረኩን በዙም የሚያነሱ ከሆነ የብርሃኑ ብልጫ እጥፍ እንኳን አይሞላም። በተጨማሪም ጥምቀትን በጠራራ ፀሐይ፣ ሕዝቡ መሐል ሆኖ ከሩቅ ለሚያነሳ ሰው 8 እጥፍ ዙም ቀላል ነገር አይደለም። ያገለገለ ካሜራ ዋስትና እንደሌለውም መርሳት አይገባም። ዘመዶቻችን ከውጭ የሚያመጡልንን ዕቃ መልሶ መላክ እንዴት እንደሚያስቸግር ሁላችንም እናውቀዋለን።

መምህሩ
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አዳራሹ ውስጥ ወደ መድረኩ መጠጋት እችላለሁ፤ ፎቶ የማንሳቱ ሥራ የተሰጠኝ ለእኔ ነውና። የዙሙ ማነስ ግን አሁንም ያሳስበኛል። ያገለገለውን ብመርጥስ ወንድሜ ከመክፈሉ በፊት ምን ምኑን ይይ?

አሮጌ ሌንስ
ስለ ዙሙ ብዙ አይጨነቁ። አርኤክስ100 የሚያነሳው ፎቶ 5472 በ3648 ነጥብ ነው፤ በሁለቱም በኩል በግማሽ ቢቆርጡት 5 ሜጋፒክስል ይተርፍዎታል፣ ይህም 10 በ15 ሳንቲሜትር ለሚታተም ፎቶ ከበቂ በላይ ነው። የደብልዩ830ን የመጨረሻ ዙም የሚያህል ቅርበትም በዚሁ ያገኛሉ።

ፍተሻውን በተመለከተ ዋናው ጠላት አቧራ ነው። እነዚህ ትንንሽ ካሜራዎች ሌንሳቸው ሲወጣና ሲገባ አየር ስለሚስቡ አቧራው ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ ሌንሱ ደግሞ ስለማይነቀል በቤት ውስጥ ማጽዳት አይቻልም። ወንድምዎ ካሜራውን ክፍተቱን ራሱ እንዲመርጥ በሚያስችለው ኤ (A) በሚለው ምልክት ላይ አድርጎ፣ ክፍተቱን ኤፍ 11 ላይ አስቀምጦ፣ ነጭ ግድግዳ ወይም ጥርት ያለ ሰማይ አንድ ጊዜ ያለ ዙም፣ አንድ ጊዜ በሙሉ ዙም ያንሳ። ፎቶውን አስፍቶ ሲያየው ከቦታቸው የማይነቃነቁ ግራጫ ነጠብጣቦች ከታዩት ይተወው። ከዚያም ሌንሱ ሲወጣ የመፋጨት ድምፅ እንዳያሰማ፣ ፍላሹ ብቅ ብሎ እንዲበራ፣ ባትሪው እንዳላበጠ ይመልከት።

የፎቶ ቤት ልጅ
ወደ መድረኩ የሚጠጉ ከሆነ እኔም ያገለገለውን እመርጣለሁ። ወንድምዎ ትርፍ ባትሪ እንዲጨምርልዎት ያድርጉ፤ ስሙ ኤንፒ-ቢኤክስ1 ነው። የፋብሪካው መለኪያ በአንድ ሙሌት 330 ያህል ፎቶ ቢልም ያረጀ ባትሪ እዚያ አይደርስም፣ የምርቃት ፕሮግራም ደግሞ መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም። ካሜራው ዋይፋይ ስለሌለው የሜሞሪ ካርድ ማንበቢያም ያስፈልግዎታል፤ እሱን ግን እዚሁ አገር ቤት ያገኙታል።