እናቴን ይዤ በዲሴምበር ቺንኩዌ ቴሬ፦ በአንድ ቀን ይቻላል?

የሚላኖዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሚላኖ እኔ ጋር ናት። ዲሴምበር 8 በዓል ስለሆነ ሥራ የለኝም። በጣሊያን ባሕር ዳር ያሉትን አምስት መንደሮች፣ ቺንኩዌ ቴሬን፣ ላሳያት ፈለግኩ። ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ አይሆንላትም። የገና ጾምም ይዛለች። አምስቱን መንደር በአንድ ቀን ማዳረስ ይቻላል? ጀልባስ አለ?

የባቡር ሰው፦ እህቴ፣ አምስቱን እርሺው። ከሚላኖ መሄጃው ብቻ 3 ሰዓት ያህል ነው። ጀልባው ክረምታቸው ሲገባ ይቆማል። በመንደሮቹ መካከል ግን ባቡር አለ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ጥቂት ደቂቃ ነው። ከበጋቸው ይልቅ የባቡሩ ቁጥር ስለሚቀንስ ሰዓቱን አስቀድመሽ እዪ። የክልል ባቡር የወረቀት ትኬት ከገዛሽ ሳትሳፈሪ ጣቢያው ባለው ማሽን ቀንና ሰዓቱን አሳትሚበት፤ አለዚያ ቅጣት አለ።

ጽጌ ከጄኖቫ፦ ከአምስቱ መንደሮች ለእናትሽ ሞንቴሮሶ ይሻላቸዋል። ከጣቢያው ስትወጡ ባሕሩ ፊት ለፊታችሁ ነው፤ መንገዱም ሜዳ ነው። ኮርኒሊያን ተዪው። ከጣቢያው ወደ መንደሩ የሚያወጣው ደረጃ ወደ 380 ይጠጋል። ሪዮማጆሬን ከማናሮላ የሚያገናኘው ቪያ ዴላሞሬም አለ። ገደል ላይ የተሠራ ነው፤ ግን ለጥ ያለና 1 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው። በ2012 ቋጥኝ ተንዶ ተዘጋ፤ የተከፈተው በ2024 ነው። ትኬቱ በቀጠሮ ነው።

የጾም ነገር፦ ስለ ምግቡ እኔ ልንገርሽ። ፋሪናታ ፈልጊላቸው። የሽምብራ ዱቄት፣ ውኃ፣ የወይራ ዘይትና ጨው ብቻ ነው፤ በትልቅ መጥበሻ ምድጃ ውስጥ ይጋገራል። ሽሮ ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንም። እናቴ ሁለት ቁራጭ በልታ ሦስተኛውን ጠቅልላ ያዘች። ፔስቶ የሚባለው ማባያ ግን አረንጓዴ ስለሆነ የጾም እንዳይመስልሽ፤ አይብ አለበት። ፎካቻ ከሚባለው ዳቦም ባዶውን በዘይት የተጋገረውን ጠይቂ።

አስመሮም፦ በዚያው ዲሴምበር 8 ማናሮላ ከተራራው ላይ የክርስቶስ ልደት ትዕይንት ይበራል! አንድ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ከወዳደቀ ዕቃ ሠርቶ የጀመረው ነው። የወይን እርከኑ ሁሉ በብርሃን ይሞላል። ጀምበር 11 ሰዓት ሳይሞላ ስለምትጠልቅ ማታ ድረስ መቆየት አያስፈልግም። ሕዝብ ይበዛል፤ ቀደም ብላችሁ መቀመጫ ያዙ።

የሚላኖዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ጠዋት ሞንቴሮሶ፣ ከሰዓት ማናሮላ አልኩ። ዝናብ ከሆነስ?

ጽጌ ከጄኖቫ፦ ተራ ዝናብ ከሆነ ሂዱ። ብርቱካንማ ወይም ቀይ የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያ ከወጣ ግን ቀኑን ቀይሪ። በኦክቶበር 2011 ጎርፍ ቬርናዛንና ሞንቴሮሶን በጭቃ ሞልቶ ሰው ገድሏል።

የባቡር ሰው፦ የመልሱን ትኬት ከወዲሁ ግዢ። ለእማማም ከነጠላው በላይ ወፍራም ካፖርት ያዢላቸው፤ ሲመሽ ከባሕሩ የሚነሣው ነፋስ አጥንት ይገባል።