የሃሚንግበርድ መመገቢያ ውስጥ የማይለቅ ጥቁር ሻጋታ፦ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ዳላስ፣ ቴክሳስ ነው። ሃሚንግበርድ ለሚባሉት ትናንሽ ወፎች የስኳር ውሃ የማቀርብበት መመገቢያዬ ጠርሙሱ ተገልብጦ የሚንጠለጠል፣ ከታች ቢጫ የፕላስቲክ አበባዎች ያሉት ዓይነት ነው። ሙቀቱ ከ95 ዲግሪ ፋራናይት ሲያልፍ ጠዋት የሞላሁት የስኳር ውሃ በማግስቱ ደፍርሶ፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ይዞ አገኘዋለሁ።

አሠራሬ 1 ኩባያ ነጭ ስኳር በ4 ኩባያ ውሃ ነው። ማር፣ ቡናማ ስኳርም ሆነ ቀይ ቀለም አልጨምርም። በየቀኑ እቀይራለሁ፤ በሙቅ ውሃና በአቼቶ አጥባለሁ። ጠርሙሱ ይጠራል፤ ያስቸገረኝ አበባው ነው። ቢጫው ፕላስቲክ ከቀዩ የታችኛው ክፍል ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ ውስጥ ጥቁር ሻጋታ እንደ ክር ተጋድሞ ይታያል፣ ቀጭኑ ብሩሽ እንኳ አይደርስበትም።

ሩብ ኩባያ በረኪና በ1 ጋሎን ውሃ በጥብጬ አንድ ሰዓት ልዘፍዝፈው አስቤያለሁ። ግን በረኪናው ስንጥቁ ውስጥ ቢቀርስ? በደንብ ማለቅለቅና ሙሉ በሙሉ ማድረቅ ይበቃል? ወይስ አበባዎቹን ሳልሰብር መንቀል ይቻላል?

ሌላው፣ በረንዳዬ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይመታዋል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ሰፍቶ ውሃውን ይገፋዋል፤ ያንጠባጥባል፣ ጉንዳንና ንብ ይሰበሰባል። ጉንዳኑን ለመከላከል ማንጠልጠያ ሽቦው ላይ ዘይት መቀባት አልፈልግም፣ የወፎቹ ላባ ላይ ይጣበቃል። የሳህን ቅርጽ ያለውና ተከፍቶ የሚታጠበው ዓይነት ይህን ችግር ይፈታል? የተጠቀማችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ። በመስከረም ወደ ደቡብ ከመጓዛቸው በፊት አብዝተው ስለሚመገቡ ቶሎ ባስተካክለው ደስ ይለኛል። እስከዚያው አውርጄዋለሁ።