ከቅዳሴ በኋላ አብሮ መብላቱ ሰው እያሸሸብን ነው፣ እናንተ ጋ እንዴት ነው?

ዳላስ ነኝ

ሰላም ወገኖች። አጥቢያችን ትንሽ ናት፣ አዳራሹም የኪራይ ነው። እሑድ እሑድ ሁሉም ከቤቱ የሠራውን ይዞ ይመጣና ከቅዳሴ በኋላ አብረን እንበላለን። ሲጀመር በጣም ደስ ይል ነበር። አሁን ግን ባዶ እጃቸውን የመጡት "ቸኩያለሁ" እያሉ ምግቡ ሳይባረክ ውልቅ ይላሉ። አብዛኞቹ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሁለት ሥራ የሚሠሩ፣ አዲስ የመጡ ልጆች ናቸው። ይሄ ልቤን ይበላዋል። በዚያ ላይ አምስቱ ሰው ሽሮ ያመጣል፣ እንጀራው ግን ሁሌ ቀድሞ ያልቃል። ባለፈው አንዲት እናት ለልጇ ወጡን አውጥታ፣ ሳህኑን እንደያዘች እንጀራ እስኪመጣ ስትጠብቅ አየሁ። ማን ምን እንደሚያመጣ ስም ዝርዝር ይውጣ የሚሉ አሉ። እኔ ደግሞ ዝርዝሩ ራሱ የሌለውን ሰው እንዳያሳቅቅ ፈራሁ።

የሰንበቴ ልጅ

የኔ ልጅ፣ አገር ቤት ሰንበቴ በተራ ነው። ተራው የደረሰው ድፎውን ይደፋል፣ ጠላውን ይጠምቃል፣ ንፍሮውን ይቀቅላል። የቀረው እጁን ታጥቦ ይቀመጣል። ከባለተራው በቀር ሁሉም ባዶ እጁን ስለሚመጣ ማንም ማንንም አያይም። ነዳያኑም ተጠርተው ከጠበል ጠዲቁ ይቀምሳሉ። አቅም ያነሰው ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር ተዳብሎ ያወጣል። እናንተን ያስቸገራችሁ ሁሉም ሰው በየሳምንቱ እንዲያመጣ መጠበቁ ነው። አራት አምስት ቤት አንድ እሑድ ይያዝ፣ ሌላው ይረፍ። ተራ የሌለው ሰው እንግዳ ነው፣ እንግዳ ደግሞ አያፍርም።

ሚኒሶታ

እማማ ያሉት ልክ ነው። እኛም ጋ ጭቅጭቁ እንጀራ ላይ ነበር። አሁን በጋራ ከሱቅ ይገዛል። በሩ ላይ ሳጥን አለ፣ ማን ስንት እንደጨመረ አይታይም። ወጡ ብቻ በተራ ይመጣል፤ አንዱ ቤት ምስር፣ አንዱ ጎመን፣ አንዱ አልጫ ክክ ተብሎ ቀድሞ በቴሌግራም ይነገራል።

ሌላው፣ የጾሙንና የፍስኩን ጠረጴዛ ለዩት፣ ጭልፋውንም ጭምር። ሽሮ ቅቤ ይግባበት አይግባበት በዓይን አይታወቅም፣ ስለዚህ በወረቀት ጻፉበት። ኦቾሎኒ ያለበትንም እንደዚሁ፣ የማይስማማቸው ልጆች አሉ። ደግሞ እባካችሁ ዶሮ ወጥ መኪና ውስጥ ትታችሁ ቅዳሴ አትግቡ! እዚህ አሜሪካ ደንቡ ትኩሱ ከ140 ዲግሪ ፋራናይት በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ40 በታች ይቆይ ነው የሚለው። በመሃል ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ ይጣላል። አየሩ ከ90 ካለፈ ደግሞ 1 ሰዓት ብቻ ነው፣ የዳላስን ሐምሌ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ናይት ሺፍት

እኔ ከሚወጡት አንዱ ነበርኩ። ሌሊት ሠርቼ በቀጥታ ቅዳሴ እመጣለሁ። የምኖረው ተጋርቼ ነው፣ ምድጃው የኔ አይደለም። "ብላ እንጂ" ሲሉኝ እሺ እላለሁ፣ ግን አይዋጥልኝም። ያስቀረኝ አንዲት እናት "ና እስቲ ይቺን ጠረጴዛ ያዝልኝ" ማለታቸው ነው። ከዚያ ወንበር መደርደሩ፣ ቆሻሻ ማውጣቱ የኔ ሆነ። አሁን ሳልጠራ እቀመጣለሁ። ልጆቹን "ለምን አትበሉም" ከምትሏቸው ሥራ ስጧቸው።

አትላንታ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ቢቀር እላለሁ። ሸክሙ ያው ሴቶቹ ላይ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ ሠርተው ቅዳሜ ሌሊት ደግሞ ምድጃ ሥር ያድራሉ። ቡናና ዳቦ አይበቃም ወይ?

የሰንበቴ ልጅ

ስለ ሴቶቹ ያልከው እውነት ነው ልጄ። እሱንም ተራው ያቀለዋል። የወንዶች እሑድም ይኑር፣ ምስር ክክ መሥራት ማንን ያቅተዋል? እንዳይቀር ግን። ማኅሌት የቆመው ከሌሊት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ስንቱ ሰው ደግሞ በሳምንት አንዴ ከሰው ጋር የሚቆርሰው እዚያ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም የቆሮንቶስን ሰዎች በአንደኛው መልእክቱ ምዕራፍ 11 ላይ የገሠጸው አብረው በመብላታቸው አይደለም። አንዱ ጠግቦ አንዱ ስለተራበና የሌለው ስላፈረ ነው።

ዳላስ ነኝ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሳይገባ የተራውንና የሳጥኑን ነገር ለሰበካ ጉባኤው አቀርባለሁ። ናይት ሺፍት፣ ያንተን ቃል በተለይ እነግራቸዋለሁ። ለ80 ሰው ስንት እንጀራ ልዘዝ?

ሚኒሶታ

ለአዋቂ ሁለት፣ ለልጅ አንድ አስቢ። ከዚያ ትንሽ ጨምሪ፣ ይዘውት የሚሄዱ እንዲኖሩ።