የዋሽንግተን ቻይና ታውን፦ የቻይንኛ ታፔላው ይቅር ወይስ ይቀጥል?

አወያይ፦ በዋሽንግተን ዲሲ ቻይና ታውን ቡና ቤቱም ፋርማሲውም ስሙን በቻይንኛ ጭምር ይጽፋል። በሰፈሩ የቀሩት ቻይናውያን ግን ጥቂት መቶዎች ናቸው። አሠራሩ ይቀጥል ትላላችሁ?

የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ፦ ይቅር። ባለቤቱ በሌለበት ስሙን መስቀል ለማን ይጠቅማል? በኤች ጎዳና እ.ኤ.አ. በ1986 የቆመው የቻይና ዓይነት ቅስት በር ያምራል፤ ዙሪያው ያለው ገበያ ግን በየትኛውም የአሜሪካ ከተማ የሚገኘው ነው።

የታሪክ መምህር፦ አልስማማም፣ ወንድሜ። ሰዎቹ በፈቃዳቸው አልሄዱም። የመጀመሪያው ሰፈር በፔንሲልቬኒያ ጎዳና ነበር፤ በ1930ዎቹ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሊሠሩ ሲባል ተነሥቶ ወደ ኤች ጎዳና መጣ። በ1997 ደግሞ ትልቁ የስፖርት አዳራሽ እዚያው ተከፈተ፤ ኪራይ ናረ፣ ያልቻለ ወጣ። ታፔላውንም ካወረድን ሁለት ጊዜ የተነቀለ ሕዝብ እዚህ መኖሩን ምን ይመሰክራል?

የምግብ ቤት ባለቤት፦ ሁለታችሁም የምትነጋገሩት ስለ ግድግዳ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ሰው ነው። በ1982 የተሠራው ዋህ ላክ ሐውስ የተባለው የአነስተኛ ገቢ መኖሪያ ባይኖር ስንት ቻይናዊ አዛውንት በሰፈሩ ይቀር ነበር? እነዚያ እናቶችና አባቶች የለመዱትን አትክልት ለመሸመት በአውቶቡስ ቨርጂኒያ ድረስ ይሄዳሉ። ቻይና ታውን እየኖሩ! ከተማዋ በ2024 ለአዳራሹ እድሳት 515 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዳለች። ከዚያ ላይ ጥቂቱ ለአንድ የቻይና ግሮሰሪ ኪራይ ቢውል ከመቶ ታፔላ ይበልጣል።

የታሪክ መምህር፦ ድጎማውን እደግፋለሁ። ታፔላው ምን በደለ?

የምግብ ቤት ባለቤት፦ አልበደለም። ከተማዋ ታፔላ አሰቅላ ግዴታዬን ተወጣሁ እንዳትል ነው የምሰጋው። የእኛንም ተመልከቱ። በ2005 የ9ኛው ጎዳና አካባቢ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባል ብለን ጠየቅን፤ የሰፈሩ ነባር ጥቁር አሜሪካውያን የራሳቸው ታሪክ እንዳይሸፈን ተቃወሙ፣ እነሱም እውነት ነበራቸው። ዛሬ ብዙ ንግዳችን ከዲሲ ውጭ፣ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ነው። ስሙን ብናገኝ ኖሮ ኪራዩን ይከፍልልን ነበር?

የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ፦ እንግዲያው ለቻይናዊ ነጋዴ የሚያከራይ ባለንብረት ግብር ይቀነስለት።

የታሪክ መምህር፦ በዘር ለይቶ ግብር መቀነስ ሕጉ አይፈቅድም። በንግድ ቤቱ ዕድሜ ግን ይቻላል። ሳን ፍራንሲስኮ በ2015 በሕዝብ ድምፅ ያቋቋመችው ፈንድ ከ30 ዓመት በላይ ለቆዩ ንግድ ቤቶችና በረጅም ውል ለሚያከራዩአቸው ባለንብረቶች ገንዘብ ይሰጣል። ለዲሲ ምክር ቤት የሚቀርበው ጥያቄ ይህ ይሁን፤ ታፔላውም ባለበት ይቆይ።